ካንሰርን ከነሰፈሩ ማየት

ባለፈው ወር አክስቴ በቴሌግራም አንድ ጽሑፍ ላከችልኝ። «ይህ ተክል የጡት ካንሰር ሕዋስን በላብራቶሪ ሙሉ በሙሉ ገደለ» ይላል። ከሥሩ የቅጠል ፎቶ አለ። ብዙም ሳይቆይ ደወለች።

«አየኸው?» አለችኝ። «ይሄ እያለ እኔ ያንን ክኒን ምን አስዋጠኝ?»

ክኒኑ ታሞክሲፈን ነው፣ የጡት ካንሰር ተመልሶ እንዳይመጣ የሚወሰድ። አክስቴ የጡት ካንሰር ቀዶ ጥገና ካደረገች ሁለት ዓመት አልፏታል። በየቀኑ ትውጣለች። ሌሊት ላብ ያጠምቃታል፣ እንቅልፍ ይነሳታል። ለማቆም ሰበብ ብትፈልግ አልፈርድባትም። ግን ደነገጥኩ። ያን ቀን በስልክ የነገርኳትን ዛሬ ሰፋ አድርጌ ልጻፈው። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የሚደርሰው ለእሷ ብቻ አይደለምና።

ጽሑፉ ውሸት ላይሆን ይችላል። ከባዱ ነገር እሱ ነው። የተክል ጭማቂን ሳህን ላይ ባለ የካንሰር ሕዋስ ላይ ጠብ አድርጎ ውጤቱን ማየት የታወቀ የምርምር መነሻ ነው። ዛሬ ሆስፒታል ያሉ ብዙ መድኃኒቶችም ሳህን ላይ ተፈትነው ያለፉ ናቸው። ጥያቄው ሕዋሱ መሞቱ ላይ አይደለም። የት ሆኖ ነው የሞተው? ከማን ጋር ሆኖ? ሳህን ላይ ያለ ሕዋስ ጨው ቢበዛበትም ይሞታል። ሰው ጡት ውስጥ ያለው ግን ሌላ ነው።

የጡት ካንሰር ተመራማሪዎች ከ40 ዓመት በላይ ከዚህ ጥያቄ ጋር ሲታገሉ ኖረዋል። ካንሰሩን ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ከማንጣለል ይልቅ ከነቅርጹና ከነሰፈሩ ላብራቶሪ ውስጥ ለማሳደግ። ባለ ሦስት አውታር፣ በተለምዶ ስሪዲ የሚሉት ማለት ነው።

ከመነኩሴዋ የመጡት ሕዋሶች

የተክል ሙከራዎችን ብታነቡ አንድ ስም ደጋግሞ ይመጣል፦ ኤምሲኤፍ-7። ስሙ የተወሰደው ከሚሺጋን ካንሰር ፋውንዴሽን ነው። ለሳይንስ ዓለም የተዋወቀው በ1973 ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሕዋሶቹ የተገኙት የጡት ካንሰሩ ተሰራጭቶ ሳንባቸው ዙሪያ ፈሳሽ ከቋጠረባቸው የ69 ዓመት መነኩሴ ነው። እኚያ እናት አርፈዋል። ሕዋሶቻቸው ግን ይኸው ከ50 ዓመት በኋላም በየአገሩ ላብራቶሪ እየተባዙ ነው።

እነዚህ ሕዋሶች የኢስትሮጅን፣ ማለትም የሴት ሆርሞን፣ ተቀባይ አላቸው። ታሞክሲፈን የሚዘጋው ያንን ተቀባይ ነው። አክስቴ የምትውጠው ክኒን እንዴት እንደሚሠራ ዛሬ በደንብ የምናውቀው በከፊል በእኚያ መነኩሴ ነው። ስለዚህ ጠፍጣፋ ሳህን ይናቅ አልልም። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ዛሬ የሠራኸውን ነገ ደግመህ ማየት ትችላለህ።

ግን ሳህኑ ላይ ያለው ሕዋስ ምን ይመስላል? የእንጀራ ሊጥ ምጣድ ላይ ሲፈስ እንደሚንጣለለው ነው። ይዘረጋል፣ ይሳሳል። ከሥሩ ጠንካራ ፕላስቲክ አለ። ከላይ የሞላ ምግብና ኦክስጅን። መድኃኒት ሲጨመር ለሁሉም እኩል ይደርሳል፤ የሚደበቅበት ጥግ የለም።

ጡት ውስጥ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ወተት የሚሠሩት ክፍሎች የወይን ዘለላ ይመስላሉ። እያንዳንዷ ፍሬ ውስጧ ባዶ ነው፤ ሕዋሶች ዙሪያውን ከበው ይቆማሉ። እያንዳንዱ ሕዋስ ፊትና ጀርባ አለው። ፊቱ ወደ ባዶው ክፍል ነው፣ ወተቱን የሚያፈሰውም በዚያ በኩል ነው። ከኋላው ሌሎች ሕዋሶች አቅፈውታል፤ ሕፃን ሲጠባ ተኮማትረው ወተቱን የሚገፉት እነሱ ናቸው። ይህ ሁሉ የሚያርፈው በፕሮቲን በተሠራ ስስ ምንጣፍ ላይ ነው። ከምንጣፉ ማዶ ስብ፣ ኮላጅን (ሕብረ ሕዋስን የሚያያይዝ ፕሮቲን)፣ የደም ሥርና የመከላከያ ሕዋሶች አሉ። በአጭሩ ሙሉ ሰፈር ነው።

ወተት የሚሠራ የአይጥ ሕዋስ ከዚህ ሰፈር ወጥቶ ፕላስቲክ ላይ ሲቀመጥ የሚገርም ነገር ይሆናል። ወተት መሥራቱን ይተወዋል። ጂኑ አልተነካም፤ ሥራውን ብቻ ነው የረሳው። ለስላሳ ጄል ውስጥ መልሰው ሲያስቀምጡት ከጓደኞቹ ጋር ክብ ይሠራል። የወተት ፕሮቲንም ወደ መሃል ማፍሰስ ይጀምራል። ይህ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በተደጋጋሚ ታይቷል። ቦታው ሲመለስለት ሥራውም ተመለሰለት።

የጫጩቷ ክንፍ

ይህን ሐሳብ ይዘው የሞገቱት ሚና ቢሴል ናቸው። በ1940 ቴህራን ተወለዱ። ለትምህርት አሜሪካ ሄዱ፣ ሃርቫርድ ዶክትሬታቸውን ሠሩ። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ካሊፎርኒያ ባለው የሎረንስ በርክሊ ብሔራዊ ላብራቶሪ ሠርተዋል። በዚያ ዘመን የካንሰር ተመራማሪው ዓይን በሙሉ ጂን ላይ ነበር። ጂን ተበላሸ፣ ካንሰር መጣ፣ አለቀ። እሳቸው ግን አንድ ነገር አልዋጥ አላቸው። የቆዳና የጉበት ሕዋስ የሚይዙት ያንኑ ጂን ነው። ታዲያ አንዱን ቆዳ፣ ሌላውን ጉበት ያደረገው ምንድን ነው? በ1982 ከባልደረቦቻቸው ጋር መልሳቸውን አሳተሙ። ሕዋሱ ያለበት ሰፈር ከጂኑ ጋር ይነጋገራል፣ ጂኑም መልሶ ሰፈሩን ይቀርጻል የሚል ነው።

በ1984 የታተመው የጫጩት ሙከራቸው እስካሁን ያስደንቀኛል። በ1911 ፔይተን ራውስ የተባሉ ሐኪም ዶሮ ላይ ካንሰር የሚያመጣ ቫይረስ አግኝተው ነበር። ከ55 ዓመት በኋላ በ1966 ኖቤል ተሸለሙበት። የቢሴል ቡድን ይህንኑ ቫይረስ ገና እንቁላል ውስጥ ላለች ጫጩት ወጋ። ቫይረሱ ሕዋሶቹ ውስጥ ገባ፣ የካንሰር ጂኑም ሥራ ጀመረ። ካንሰር ግን የለም። ክንፏ እንደ ወትሮው አደገ። ከዚያ ከዚያው ክንፍ ሕዋሶችን አውጥተው በታትነው ሳህን ላይ አስቀመጧቸው። በአጭር ጊዜ ውስጥ የካንሰር ሕዋስ ሆኑ።

ያው ጂን፣ ያው ቫይረስ ነው። ጫጩቷ ውስጥ እያለ ሰፈሩ አፍኖ ይዞት ነበር። ሰፈሩ ሲፈርስ ተለቀቀ። እኔ ይህን ሳነብ ያሰብኩት ስለ ሳህኑ ነው። ሕዋሱን ሳህን ላይ ማድረጋችን ብቻውን ሕዋሱን ሌላ አድርጎታል ማለት ነዋ።

ከቅቤ የሚቃረን ጄል

ሰፈሩን ላብራቶሪ ውስጥ ለመሥራት አፈር ያስፈልጋል። በብዛት የሚጠቀሙበት ማትሪጄል የሚባለው ነው። ምንጩ ለብዙ ሰው እንግዳ ነው፤ አይጥ ላይ ከሚበቅል ዕጢ ይወጣል። ያ ዕጢ ላሚኒንና ኮላጅን የመሳሰሉ የምንጣፍ ፕሮቲኖችን በብዛት ይሠራል።

ባሕሪው ከቅቤ ተቃራኒ ነው። ቅቤ ሲቀዘቅዝ ይረጋል፣ ሲሞቅ ይቀልጣል። ማትሪጄል ሲቀዘቅዝ ፈሳሽ ነው፣ ሲሞቅ ይረጋል። ስለዚህ የላብራቶሪ ሠራተኛው ሁሉን ነገር በረዶ ላይ ደርድሮ ይጀምራል። ጠርሙሱ በረዶ ላይ፣ የፒፔት (የፈሳሽ መምጠጫው) ጫፉም ቀድሞ የቀዘቀዘ። ሕዋሶቹን ከጄሉ ጋር በቀስታ ያዋህዳል። አረፋ ከገባ ተበላሸ። ጠብታ ጠብታ አድርጎ ሳህኑ ጉድጓድ ውስጥ ያስቀምጣል፤ እያንዳንዷ ጠብታ እንደ ትንሽ ጎጆ ጣሪያ ትቆማለች። ከዚያ ሳህኑን ገልብጦ 37 ዲግሪ ያለው ኢንኩቤተር፣ ማለትም ማሞቂያ ሳጥን፣ ውስጥ ያስገባዋል። የሚገለብጠው ሕዋሶቹ ሰምጠው ከፕላስቲኩ ጋር እንዳይገናኙ ነው። ሲረጋ ቀና ያደርገውና ምግብ ያፈስበታል። እጁ ከዘገየ ጄሉ ፒፔቱ ውስጥ ይረጋበታል፣ የቀኑ ሥራም ገደል ገባ።

ከዚያ መጠበቅ ነው። አንድ ጤናማ የጡት ሕዋስ ጄል ውስጥ ይከፋፈልና ትንሽ ኳስ ይሆናል። ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ መሃል ያሉት ሕዋሶች ራሳቸውን ያጠፋሉ፤ ምንጣፉን ስላልነኩ ነው። ኳሷ ውስጧ ባዶ ይሆናል። ዳር ያሉት ማደጋቸውን ያቆማሉ። ማንም ሳያዛቸው የወይን ፍሬዋን ሠሯት። የካንሰር ሕዋስ ግን ማቆም አያውቅም። ይቆለላል፣ ይዛነፋል፣ ቅርጽ የለሽ ክምር ይሆናል። በ1992 የዴንማርኩ ኡለ ፔተርሰን ከቢሴል ቡድን ጋር ሆነው ይህንን አሳዩ። ሳህን ላይ ጤነኛውና ካንሰሩ ብዙም አይለያዩም። ጄል ውስጥ ግን ማንም ሰው በማይክሮስኮፕ አይቶ ይለያቸዋል።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ በ1997 ነው። ሕዋሱ ምንጣፉን የሚጨብጥበት እጅ አለው፣ ኢንተግሪን ይባላል። ካንሰር ሕዋሱ ላይ ከእነዚህ እጆች አንዱ ከልክ በላይ ይሠራ ነበር። ቫለሪ ዊቨርና የቢሴል ቡድን ያንን እጅ በፀረ እንግዳ አካል አሰሩት። ካንሰር ሕዋሶቹ ክብ ሠርተው ማደግ አቆሙ፣ ጤነኛ መሰሉ። የተበላሸው ጂናቸው ግን እንደተበላሸ ነበር። አይጥ ላይ ሲተከሉም ዕጢ የመሥራት አቅማቸው ቀነሰ። ይኸው ማሰሪያ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ይህን አላደረገም። ሳህን ብቻ ቢኖረን ኖሮ ይህ ነገር መኖሩንም አናውቅም ነበር።

እንደ ሽምብራ የጠጠረው

አክስቴ እብጠቱን ያገኘችው ልብስ ስትቀይር ነው። «እንደ ሽምብራ የጠጠረ ነገር» አለችኝ ያኔ። ያ ጥንካሬ ራሱ የበሽታው አካል እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ዕጢ ዙሪያ ኮላጅን ይበዛል፣ ይወፍራል፣ ይሰለፋል። በ2005 የዊቨር ቡድን ያሳተመው ልኬት የአይጥ ጡት ዕጢ ከጤናማው ጡት ከ20 ጊዜ በላይ የጠነከረ መሆኑን አሳየ። ከዚያ ጤናማ ሕዋሶችን ጠንካራ ጄል ውስጥ አስቀመጡ። ቅርጻቸው ፈረሰ፣ ወደ ካንሰር የሚያዘነብል ባሕሪ አመጡ። ጥንካሬው የካንሰሩ ውጤት ብቻ አይደለም፣ መልሶ ይገፋዋል። ላብራቶሪ ውስጥ የምንጠቀመው ፕላስቲክ ደግሞ ከጡት በሚሊዮኖች እጥፍ ይጠነክራል። ሕዋሱን ድንጋይ ላይ አስተኝተን ነው ለዓመታት ጠባዩን ስናጠና የኖርነው።

ሌላው ጉዳይ ርቀት ነው። ኦክስጅን ከደም ሥር ወጥቶ ሕብረ ሕዋስ ውስጥ የሚጓዘው ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ሕዋሶች ተጣብቀው የሚሠሩት ኳስ ስፌሮይድ ይባላል። የጤፍ ፍሬን ግማሽ ሲያክል መሃሉ ይታፈናል። ዳር ያሉት ይከፋፈላሉ፣ ገባ ያሉት ያንቀላፋሉ፣ መሃል ያሉት ይሞታሉ። ዕጢም እንዲሁ ነው። ብዙ የኬሞ መድኃኒት ደግሞ የሚመታው የሚከፋፈል ሕዋስን ነው። ያንቀላፋው ያመልጣል። መድኃኒቱም ራሱ እስከ መሃል በደንብ ላይዘልቅ ይችላል። ሳህን ላይ «ሙሉ በሙሉ ገደለ» የተባለ ነገር እዚህ ሲመጣ ዳር ዳሩን ብቻ ልጦ ሊቀር ይችላል።

ሁልጊዜ ግን ስሪዲ ማለት «መድኃኒት አይሠራም» ማለት አይደለም። በ2009 የታተመ ጥናት ኸር ቱ የሚባለው ተቀባይ የበዛባቸውን ሕዋሶች አነጻጸረ። በስፌሮይድ ሲያድጉ ተቀባዩ ይበልጥ ሠራ፣ ትራስቱዙማብ የተባለውም መድኃኒት ከሳህኑ በተሻለ መታቸው። ሳህኑ ጥሩውን መድኃኒት ደካማ፣ ደካማውን ጥሩ ሊያስመስል ይችላል። ለሰው ሙከራ ከሚደርሱ የካንሰር መድኃኒቶች ከ10ሩ 9 ያህሉ ገበያ ሳይደርሱ ይወድቃሉ። ምክንያቱ ብዙ ነው። የመጀመሪያው ፈተና የሰው አካልን አለመምሰሉ ግን አንዱ ነው።

የራስ ዕጢ በጠብታ

እስከ አሁን ያወራሁት ለአሥርት ዓመታት ስለተባዙ ሕዋሶች ነው። በ2009 ኔዘርላንድ ውስጥ የሃንስ ክሌቨርስ ቡድን ከአይጥ አንጀት ግንደ ሕዋስ ተነስቶ ጄል ውስጥ ትንሽ አንጀት መሰል ነገር አሳደገ። ኦርጋኖይድ ይባላል። በ2018 ይኸው መንገድ ወደ ጡት ካንሰር መጣ፤ ከ100 በላይ የታማሚ ዕጢ ኦርጋኖይዶች ያሉበት ባንክ ተቋቋመ። አብዛኞቹ የመጡበትን ዕጢ መልክና የተቀባይ ዓይነት እንደያዙ ቆዩ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከምርምር ወደ አልጋው የሚጠጋው። በ2022 አሜሪካ ዩታ የሚገኙ ተመራማሪዎች ትሪፕል ኔጋቲቭ የሚባለው፣ ኢስትሮጅንና ኸር ቱን ጨምሮ ሦስቱ ተቀባዮች የማይገኙበት አስቸጋሪ ዓይነት ተመልሶባት ስለተሰራጨባት አንዲት ታማሚ ጻፉ። ከዕጢዋ ኦርጋኖይድ አሳድገው መድኃኒቶችን ሞከሩበት። አስቀድሞ ፈቃድ ያለው ኤሪቡሊን የሚባል መድኃኒት ጎልቶ ወጣ። ሐኪሞቿ ሰጧት። በምርመራ የሚታየው ዕጢ ጠፋ፤ በሽታው ሳይባባስ የቆየበት ጊዜም ከቀድሞ ሕክምናዎቿ ከሦስት እጥፍ በላይ ረዘመ። አንዲት ሴት ናት። በአንዲት ሴት ሕክምና አይለወጥም። ግን ለእሷ የተመረጠው መድኃኒት የተፈተነው በራሷ ዕጢ ላይ መሆኑ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሩም መነገር አለበት። ሁሉም ዕጢ ጄል ውስጥ አይበቅልም። አንዳንዴ አብሮ የተቆረጠው ጤነኛ ሕዋስ ካንሰሩን ቀድሞ ሳህኑን ይሞላዋል። ሳምንታት ይወስዳል፣ ታማሚዋ ደግሞ ሳምንት ላይኖራት ይችላል። ተራ ኦርጋኖይድ የደም ሥርም የመከላከያ ሕዋስም የለውም፤ ስለዚህ በበሽታ መከላከያ በኩል የሚሠሩትን አዳዲስ መድኃኒቶች ብቻውን አይፈትንም። ማትሪጄሉ ራሱ ከአይጥ ዕጢ ስለሚመጣ ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል። ለዚህም ነው ንጥረ ነገሩ አንድ በአንድ የታወቀ ሰው ሠራሽ ጄልና ደም ሥር መሰል ቱቦ ያለው ቺፕ ለመሥራት የሚሮጠው። ገና ነው፣ ግን መንገዱ ትክክል ይመስለኛል።

መንግሥታትም እየተንቀሳቀሱ ነው። አሜሪካ ከ1938 ጀምሮ አዲስ መድኃኒት ወደ ሰው ከመሄዱ በፊት እንስሳ ላይ እንዲሞከር በሕግ ትጠይቅ ነበር። በታኅሣሥ 2022 የወጣው ሕግ ግዴታውን አነሳው፤ የሕዋስ ሞዴሎችና ቺፖችም ማስረጃ ሆነው መቅረብ ቻሉ። በ2025 የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ከአንዳንድ መድኃኒቶች ጀምሮ የእንስሳ ሙከራን ደረጃ በደረጃ ለመቀነስ ዕቅድ አወጣ። ከአሁን በኋላ መድኃኒት ያልፋል ወይስ ይወድቃል የሚለው በእነዚህ ጠብታዎች ላይ ይበልጥ ሊወሰን ነው። ስለዚህ ጠብታው ውስጥ ያለው ሕዋስ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ይመጣል።

የማን ሕዋስ?

በምርምር የታወቁት የጡት ካንሰር ሕዋሶች በብዛት የተገኙት የአውሮፓ ዝርያ ካላቸው ሴቶች ነው። የሕዋስ ማንነት ምን ያህል ሊሳት እንደሚችል ለማየት አንድ ምሳሌ ይበቃል። ኤምዲኤ-ኤምቢ-435 የሚባለው ሕዋስ ለዓመታት የጡት ካንሰር ተብሎ ተጠንቷል። ከ2000 ወዲህ በጂን ሲመረመር የቆዳ ካንሰር፣ ሜላኖማ ሆኖ ተገኘ። በእሱ ላይ የተጻፈው ጽሑፍ ብዛት ያሳዝናል።

የእኛ ጉዳይ ደግሞ እዚህ ጋ ነው። የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ከሁሉም ካንሰር ቀዳሚው ነው። በ2020 ግምት በዓመት 16 ሺህ ገደማ አዲስ ታማሚዎች አሉ። አብዛኞቹ ሐኪም ፊት የሚቀርቡት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። በ2016 የታተመ አንድ ጥናት የጋናን፣ የኢትዮጵያን፣ የጥቁር አሜሪካውያንንና የነጭ አሜሪካውያንን ታማሚዎች አነጻጸረ። ትሪፕል ኔጋቲቩ በጋና ታማሚዎች 53 በመቶ ገደማ፣ በጥቁር አሜሪካውያን 30 በመቶ ገደማ ነበር። በኢትዮጵያውያን 15 በመቶ፣ በነጭ አሜሪካውያን 15.5 በመቶ። «የአፍሪካ ሴት ካንሰር» የሚባል አንድ ነገር የለም ማለት ነው። የእኛን ለማወቅ የእኛን ማየት ግድ ነው።

ይህን ቁጥር ግን በጥንቃቄ ነው የምጠቅሰው። ምክንያቱም ናሙና እንዴት እንደሚጓዝ አውቃለሁ። የአክስቴን ያመላለስኩት እኔ ነኝ። ከአንድ ክሊኒክ ትንሽ ክዳን ያላት ጠርሙስ ሰጡኝ፤ ሥጋ እንዳይበላሽ በሚያደርግ ፈሳሽ፣ በፎርማሊን፣ ውስጥ የጣት ጫፍ የምታክል ሥጋ አለች። ወደ ፓቶሎጂ ላብራቶሪው በታክሲ ወሰድኳት። ሰልፍ ነበር፣ ፀሐይ ነበር። ጠርሙሷን ጭኔ ላይ አድርጌ ክዳኗ እንዳይፈስ በሁለት እጄ ይዣታለሁ። ናሙና ፎርማሊን ውስጥ ሳይገባ ከቆየ ወይም ፎርማሊኑ ካነሰው ተቀባዩ እያለ «የለም» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። «የለም» ማለት ደግሞ ታሞክሲፈን አይታዘዝም ማለት ነው። የላብራቶሪ ስህተት ሳይሆን የመንገድ ስህተት።

ለኦርጋኖይድ ደግሞ ፎርማሊን ጭራሽ አይሆንም። ፎርማሊን ይገድላል። ሥጋው በሕይወት፣ በቀዝቃዛ ፈሳሽ ውስጥ፣ በሰዓታት ውስጥ መድረስ አለበት። ኢንኩቤተሩ ሌሊት መብራት ቢጠፋም መሥራት አለበት። ጄሉ ከውጭ በደረቅ በረዶ ተጭኖ ይመጣል፤ ጉምሩክ ቆይቶ አንዴ ከሞቀ አለቀ። ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው። ታሞክሲፈንና ኬሞ እንኳ ለሁሉም በማይደርስበት አገር ኦርጋኖይድ ቅንጦት ነው የሚል ሰው አይሳሳትም። እኔም ከመድኃኒቱ ይቅደም አልልም።

ግን ርካሽ የሆነ መነሻ አለ። ዕጢን ቆራርጦ ከበረዶ ጉዳት በሚጠብቅ ፈሳሽ ውስጥ በፈሳሽ ናይትሮጅን ማስቀመጥ ይቻላል። ከዓመታት በኋላ ቀልጦ ኦርጋኖይድ ሊወጣው ይችላል። ፈሳሽ ናይትሮጅን ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቃሊቲ ያለው የከብት ማዳቀል ማዕከል የኮርማ ዘር ሲያስቀምጥና ሲያሰራጭ የኖረው በዚሁ ነው። ገጠር ያለ ገበሬ ያንን ጭስ የሚያወጣ ዕቃ ያውቀዋል። ለላም የሠራ ለእናት የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። ዛሬ የተቀመጠ ሕያው ናሙና ጄሉም ቺፑም ሲረክስ ይጠብቀናል። በእርግጥ በታማሚዋ ፈቃድ፣ በምትረዳው ቋንቋ ተነግሯት። በ1951 ከአሜሪካዊቷ የካንሰር ታማሚ ሄንሪየታ ላክስ ሳትጠየቅ ሕዋስ ተወስዶ የደረሰው በደል ሊደገም አይገባም።

አክስቴ ይህን ሁሉ አልሰማችም፤ በስልክ አጠር አድርጌ ነው የነገርኳት። ቅጠሉ የገደለው ሳህን ላይ የተዘረጋ ሕዋስ ነው፣ ክኒንሽ ግን በብዙ ሺህ ሴቶች ላይ ተሞክሮ ዕድሜ ያስረዘመ ነው አልኳት። ላቡን ለሐኪሟ እንድትነግረው ተስማማን፣ ማስታገሻ አለና።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «ያኔ በጠርሙስ ይዘህ የሄድከው ሥጋዬ የት ደረሰ?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አለ» አልኳት። «በሰም ውስጥ ተደርጎ ፓቶሎጂ ቤት ተቀምጧል። እንደገና ቀለም ቀብተው በማይክሮስኮፕ ሊያዩት ይችላሉ።»

«በሕይወት ግን የለም?»

«የለም» አልኳት።